«ተፈርሟል» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የቋንቋ አምድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ውጫሌ አጠገብ ሲሆን፣ አካባቢያችንን ለውጭ አገር እንግዶች የማስጎብኘት ሥራ ለመጀመር እየተዘጋጀሁ ነው። ስለ ውጫሌ ውል አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ጽፌ ለአንድ መምህር ባሳያቸው፣ «ዘ ትሪቲ ሃዝ ቢን ሳይንድ ኢን 1889» ያልሁትን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው «ዎዝ ሳይንድ» ብለው አረሙልኝ። በአማርኛ «ውሉ በ1881 ዓ.ም. ተፈርሟል» ስለምንል፣ «ተፈርሟል» ደግሞ ፕረዘንት ፐርፌክት ነው ተብለን ስለተማርን፣ ስሕተቴ አልታየኝም። አሥራ ሁለቱን ጊዜያት ከነሰንጠረዣቸው በቃሌ ይዣቸዋለሁ፤ ስጽፍ ግን ይምታቱብኛል። ምን ይሻለኛል?
ከአምባሰል፣ ወሎ

መልስ፦ አብሽሩ፣ ጠያቂያችን። ስሕተቱ የመጣው ከራሱ ከአማርኛችን አሠራር ነው፤ ደሴ ላይ እንግሊዝኛ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ሁሉ ከጎበዝ ተማሪዎች ደብተር ሳይቀር ደጋግሜ ያረምሁት ይህንኑ ነው።

«ተፈርሟል»፣ «መጥቷል» የምንላቸው ግሶች ቦዝ አንቀጹ ከ«አለ» ጋር ተዋሕዶ የተገኙ ናቸው፤ «መጥቶ» እና «አለ» ተጋጥመው «መጥቷል» ሆኑ። ድርጊቱ ተፈጽሟል፣ ውጤቱም አሁን አለ ማለት ነው፤ እስከዚህ ድረስ ከፕረዘንት ፐርፌክት ጋር አብሮ ይሄዳል። የሚለያዩት ቀኑ ተቆርጦ ሲነገር ነው። አማርኛ «ትናንት መጥቷል»፣ «በ1881 ዓ.ም. ተፈርሟል» ማለትን አይከለክልም፤ እንግሊዝኛ ግን ይከለክላል። «የስተርደይ»፣ «ላስት ይር»፣ «ኢን 1889» የመሰለ ያለቀ ጊዜ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ከገባ ሲምፕል ፓስት ግድ ነው፦ «ዘ ትሪቲ ዎዝ ሳይንድ አት ውጫሌ ኢን 1889»። እንግዳዎን ስለ ውሉ ሰምቶ እንደሆነ ሲጠይቁት ግን መቼ እንደሰማ አይቆርጡምና «ሃቭ ዩ ኸርድ ኦፍ ዘ ትሪቲ?» ይላሉ።

ዓመቱን ወደ 1889 መመለስዎ ደግ አድርገዋል፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በእነሱ አቆጣጠር ሜይ 2 ቀን 1889 ነው። የዚሁ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል የኢጣልያንኛው ቅጂ ነገሩን ግዴታ ማድረጉ ያመጣውን መዘዝ ለአምባሰል ሰው ማስረዳት አይገባኝም፤ የአንድ ግስ ቅርጽ ቀላል ነገር አለመሆኑን ለእንግዶችዎ ሲነግሯቸው ግን ምስክሩ እግርዎ ሥር ነው።

ከዚህ የባሰ የሚያሳስተው ሌላ ቦታ አለ። አንድ ጊዜ የባቲን የሰኞ ገበያ ፎቶግራፍ ለክፍሉ አሳይቼ የሚታየውን እንዲጽፉ አዘዝሁ። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ፣ ጥርት ባለ የእጅ ጽሕፈት፣ «ኤ ማን ሃዝ ሳት አንደር ኤ ትሪ። ሂ ሃዝ ዎርን ኤ ሽርጥ» ብላ ጻፈች። በልቧ ያለው አማርኛ «አንድ ሰው ዛፍ ሥር ተቀምጧል፤ ሽርጥ አሸርጧል» የሚል ነበር፤ እሱም እንከን የለበትም። አማርኛ መቀመጡን እንደተፈጸመ ድርጊት ቆጥሮ ውጤቱን ያሳያል፤ እንግሊዝኛ ግን ሰውየው እስኪነሣ ድረስ በመቀመጥ ላይ ነው ይላልና «ኢዝ ሲቲንግ»፣ «ኢዝ ዌሪንግ» መባል አለበት። «ቆሟል»፣ «ተኝቷል»፣ «ይዟል» የሚሉትም እንዲሁ ወደ ፕረዘንት ኮንቲኒዩስ ይሄዳሉ። «ርቦኛል»፣ «ደክሞኛል»፣ «ገብቶኛል» ደግሞ ተራ የአሁን ጊዜ ይሆናሉ፦ «ኣይ አም ሃንግሪ»፣ «ኣይ አም ታየርድ»፣ «ኣይ አንደርስታንድ»።

ስለዚህ አንዱ «-ኣል» በእንግሊዝኛ አራት ልብስ ይለብሳል። ሰንጠረዡን በቃል መያዝዎ አይጎዳም፤ እንዲያውም ግሱ ራሱ ቅርጹን የሚለውጠው ለአሁንና ለሐላፊ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ በረዳት ግስ የሚሠራ ስለሆነ፣ አሥራ ሁለት የሚለው ቁጥር ሊያስፈራዎ አይገባም። የሚያዋጣው የአማርኛውን ቅርጽ ትቶ ሁኔታውን መጠየቅ ነው፦ ቀኑ ተቆርጧል? ሰውየው አሁን በዚያ ሁኔታ ላይ ነው? ወይስ የሆነው መቼም ይሁን መቼ፣ ነገሬ ስለ ውጤቱ ነው?

ተቃራኒውም ያጋጥማል። «ደሴ ስኖር ሦስት ዓመቴ ነው» የሚለው በአማርኛ የአሁን ጊዜ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ከሦስት ዓመት በፊት ጀምሮ እስከ ዛሬ የተዘረጋ አድርጎ ስለሚያየው «ኣይ ሃቭ ሊቭድ ኢን ደሴ ፎር ስሪ ይርስ» ይላል። «ነበር» ላይም ጥንቃቄ አይለይዎ። «ስደርስ አውቶቡሱ ሄዶ ነበር» በፓስት ፐርፌክት «ሃድ ሌፍት» ይባላል፤ ሁለት ያለፉ ድርጊቶች አሉና፣ የቀደመው ይለያል። «ትናንት ደውዬልዎት ነበር» ሲሉ ግን የሚቀድመው ሌላ ነገር የለም፤ «ኣይ ኮልድ ዩ የስተርደይ» ይበቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ በኮምቦልቻ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነው። «ይመጣል» አንዴ «ካምዝ»፣ አንዴ «ዊል ካም» ሲባል ግራ ይገባዋል። እንዴት ላስረዳው?
እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እመቤቴ፣ በመጀመሪያ በአማርኛው ላይ የጊዜ ቃል እንዲጨምርበት ያድርጉት። «ጎረቤታችን ሰኞ ሰኞ ባቲ ይሄዳል» ካለ ልማድ ነውና «ጎዝ» ነው፤ «ነገ ባቲ ይሄዳል» ካለ «ዊል ጎ» ነው። «ነገ ሲመጣ እነግረዋለሁ» በሚለው ውስጥ ግን «ዌን» ያለበት ክፍል «ዊል»ን አይቀበልም፤ «ዌን ሂ ካምዝ፣ ኣይ ዊል ቴል ሂም» ይላል። እዚህ ላይ አማርኛው ያግዘዋል፤ «ሲመጣ» የሚለው ቃል ለዛሬም ለነገም ያው ነውና። «ካምዝ» መጨረሻ ላይ ያለችው «ዝ» ለ«ሂ»፣ ለ«ሺ»ና ለ«ኢት» የምትጨመር ናት፤ ከ«ዊል» በኋላ ግን ትወድቃለች።