መልስ፦ «የ4 ዓመት ልጄ ውሃ ስትገለብጥ ነው የምትውለው፣ ትምህርቱ የታለ?»

ትምህርቱ እሱ ነው። ውሃ ከጆግ ወደ ብርጭቆ ሳታፈስ ስትቀዳ እጇ ይጠናል፣ ሐሳቧም ይሰበሰባል፤ ነገ እርሳስ የምትይዘው በዚያው እጅ ነው። ደብተር ሞልቶ አለመምጣቱና የቤት ሥራ አለመኖሩ በሞንቴሶሪ (ልጆች በእጃቸው እየነኩና እየሠሩ የሚማሩበት ዘዴ ነው) የተለመደ ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ሰንፏል ብለሽ አትደምድሚ።

ፊደልም የሚጀመረው በመዳሰስ ነው። ከብርጭቆ ወረቀት የተቆረጡ ሆሄያትን በጣቷ እየተከተለች ድምፁን ትላለች። ቁጥርም እንደዚያው ነው፦ አንድ ዶቃ፣ 10 ዶቃ የተሰካበት ዘንግ፣ 100 የያዘ ካሬ፣ 1000 የያዘ ኩብ። ሺህ ምን ያህል እንደሚከብድ በእጇ ታውቀዋለች (እኔ ይሄ የገባኝ ስንት ዓመቴ ላይ መሰለሽ!)። ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉት አንድ ክፍል መቀላቀላቸውም ሆን ተብሎ ነው፣ ትንሿ ከትልቋ ታያለች፣ ትልቋም ስታሳይ ይበልጥ ይገባታል።

«ምን ተማርሽ?» ብትያት «ምንም» ትልሻለች። «ምን ሠራሽ?» በያት።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ እኔ ተሸውጄበታለሁ። «ሞንቴሶሪ» የሚለውን ስም ማንም በሩ ላይ ሊለጥፈው ይችላል። እኛ መጀመሪያ ያስገባንበት ቦታ መሣሪያዎቹ መደርደሪያ ላይ እንደ ጌጥ ተቀምጠው ልጆቹ ተደርድረው መምህሯን እየተከተሉ ይጮሁ ነበር። ስለዚህ አንድ ጠዋት አስፈቅደሽ ጥግ ላይ ቁጭ በዪና እዪ። ልጆቹ ሥራቸውን ራሳቸው መርጠው ለ3 ሰዓት ያህል ሳይቋረጡ ይሠራሉ? መምህሯስ ለአንድ ለሁለት ልጅ ዝቅ ብላ ታሳያለች? የሞንቴሶሪ ሥልጠና የት እንደወሰደችም ጠይቂ፣ መልሱን ካድበሰበሱት ሌላ ፈልጊ።