አጥንቷ የጠቆረ ዶሮ፦ በሽታ ወይስ የዘር ጉዳይ?

ጥያቄ፦ በሀዋሳ ከተማ ዳርቻ ዶሮ አረባለሁ። ከሌላ አርቢ ገዝቼ በማሽን ካስፈለፈልኩት እንቁላል የወጣች አንዲት ዶሮ ጤነኛ ሆና አደገች፤ ለበዓል ስትታረድ ግን ቆዳዋም አጥንቷም ጠቁሮ ተገኘ፤ ቤተሰቤም አልበላም አለ። በሽታ ነው ወይስ የማሽኑ ሙቀት ያመጣው?

መልስ፦ ጤነኛ ሆና ካደገች ሁለቱም አይደለም፤ የዘር ጉዳይ ነው። የማሽን ሙቀት ከ37.5 ዲግሪ ገደማ ሲዛባ ፅንስ ይሞታል ወይም ጫጩቱ ያለጊዜው ይፈለፈላል እንጂ አጥንት አይጠቁርም።

የዶሮ ቀለም ሰሪ ሕዋሳት ከቆዳ አይበቅሉም። እንቁላሉ በታቀፈ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ገደማ፣ ኋላ ኅብለ ሰረሰር ከሚሆነው የፅንሱ ጀርባ ተነሥተው ይጓዛሉ፤ በአብዛኞቹ ዝርያዎች ከላይኛው ቆዳ ሥር ባለው መንገድ ብቻ አልፈው ቆዳና ላባ ውስጥ ይሰፍራሉ። ሲልኪ በሚባለው የቻይና ዝርያና አያም ቼማኒ በሚባለው የኢንዶኔዥያ ዝርያ ግን ወደ ውስጥም ስለሚወርዱ የአጥንት ሽፋንና የሆድ ዕቃ ሳይቀሩ ይጠቁራሉ።

መንገዱን የሚወስነው በዋናነት ሕዋሳቱ የሚያልፉበት አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣ ጥናት የድርጭት ቀለም ሰሪ ሕዋሳት ወደ ዶሮ ፅንስ ሲዛወሩ፣ በሲልኪ ፅንስ ወደ ውስጥ አካላት ዘለቁ፤ ነጭ ሌግሆርን በሚባለው ሌላ የዶሮ ዝርያ ፅንስ ግን እንዲህ አልተሰራጩም። ኋላም በ2011 እንደታወቀው በእነዚህ ጥቁር ዝርያዎች ኢንዶቴሊን 3 የተባለውን መልእክት የሚያመነጨው ዘረመል በድርብ ይገኛል፤ በዙሪያቸው መልእክቱ ሲበዛ ቀለም ሰሪዎቹ ይራባሉ፣ ርቀውም ይሄዳሉ። የላባ ቀለም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሲልኪ ብዙ ጊዜ ነጭ ላባ ለብሳ ቆዳዋ ጥቁር ነው፣ የእኛ ጥቁር የሐበሻ ዶሮም አጥንቷ እንደማንኛውም ነጭ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሥጋውን ያለ ስጋት ይብሉት፤ በቻይና እንዲያውም ተፈልጎ የሚገዛ ነው። ሊያስጠነቅቅ የሚገባው ከተፈለፈለች ጀምሮ የነበረ ጥቁረት ሳይሆን፣ የዶሮዋ አናት ቀይ ሥጋ በድንገት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ተለውጦ መደበትና የመተንፈስ ችግር ሲከተል ነው፤ ያኔ ሳያርዱ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።

ገበያዎ ጥቁር ሥጋ ካልፈለገ የዘር አውራዎን ይምረጡ። ባሕርይው ገዢ በመሆኑ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢመጣም ይታያል፤ ይህን የተደረበ ዘረመል ከእናቱ ወይም ከአባቱ ብቻ የወረሰ ወላጅ በአማካይ ለግማሹ ልጆቹ ያወርሳል። ሆኖም የቆዳ ጥቁረትን የሚገታ ሌላ ዘረመል ስላለ፣ እግሩ የነጣ አውራ ሁሉ ከዚህ ነፃ ነው ብለው አይቁጠሩ፤ የዚያችን ዶሮ ወንድሞች ለዘር አያስቀሩ፣ ቀጣዩን እንቁላልም ከሌላ አርቢ ይግዙ።