ደህና ነኝ ካለ ማን ያስወጣው?

የአንባቢያን ጥያቄና የሲስተር መልስ

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ከልጄ ጋር ሆኪ ባየን ቁጥር እንጨቃጨቃለን። አንዱ ተጫዋች ጭንቅላቱን ተመትቶ ሲንገዳገድ ልጄ "ተጠያቂው ሊጉ ነው" ይላል። እኔ ደግሞ ማን አስገደደው እላለሁ። አደጋውን እያወቀ የገባ፣ እኔ በዓመት የማላየውን ገንዘብ በአንድ ጨዋታ የሚያገኝ ጎልማሳ ነው። እስቲ ይፍረዱን። (ተ.መ.፣ ከካልጋሪ)

መልስ፦ አቶ ተ.መ.፣ ጥያቄዎ ከካልጋሪ መምጣቱ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ምክንያቱም ለዚህ ክርክር ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ እዚያው ከተማዎ ውስጥ የሆነ ነገር ነው።

ጃንዋሪ 27 ቀን 2016 ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ (ኤንኤችኤል) የካልጋሪ ፍሌምስ ተከላካይ ዴኒስ ዋይድማን ከናሽቪል ጋር ሲጫወት ተገጭቶ ከሜዳው አጥር ጋር ተላተመ። ተነስቶ ወደ ቡድኑ መቀመጫ ሲሄድ የመስመር ዳኛውን ዶን ሄንደርሰንን ከኋላ በዱላው ገፍትሮ በረዶው ላይ ዘረረው። የጭንቅላት ጉዳትን እንዲከታተል የተመደበው ሰው "ይሄ ተጫዋች ይመርመር" የሚል መልእክት አስተላለፈ። የቡድኑ ህክምና ባለሙያ ቀርቦ ጠየቀው። ዋይድማን ደህና ነኝ አለ። በቃ፣ ጨዋታውን ጨረሰ። ኮንከሽን (በምት የመጣ የአንጎል መናወጥ) እንደነበረበት የታወቀው በኋላ ነው።

ዋይድማን 20 ጨዋታ ተቀጣ። የሊጉ ኮሚሽነር ጋሪ ቤትማን ቅጣቱን አጸኑት። የተጫዋቾች ማኅበር ይግባኝ ብሎ ገለልተኛ ዳኛ ወደ 10 ሲያወርደው ሰውየው 19ኙን ጨርሶታል። ሄንደርሰን ወደ ዳኝነት ሳይመለስ ቀረ፤ በ2018 ተጫዋቹንም ክለቡንም ከሰሰ።

አሁን እኔ ልጠይቅዎ። እዚያ መቀመጫ ላይ "ደህና ነኝ" ያለው ማን ነው? እግሩ የተሰበረ ሰው እግሬን ይላል። አንጎሉ የተናወጠ ሰው ግን ደህና መሆን አለመሆኑን የሚጠይቀው ያንኑ የተናወጠውን አንጎል ነው። በአዳር ሥራዬ ላይ አንድ ጎረምሳ ከሰፈር ሆኪ ጨዋታ በቀጥታ መጣ። ስሙን፣ የትውልድ ቀኑን፣ የእናቱን ስልክ ቁጥር ሳይቀር ልቅም አድርጎ ነገረኝ። "ጨዋታው ስንት ለስንት አለቀ?" ስለው "ገና አሁን ልንገባ ነው እኮ" አለኝ። ልብሱ በላብ ርሷል። ይህን ልጅ "መጫወት ትችላለህ ወይ?" ብለው ቢጠይቁት ምን እንደሚል አያጡትም።

ስለዚህ "አዋቂ ነው፣ ይወስን" የሚለው ነገር ከምቱ በፊት ይሠራ ይሆናል። ከምቱ በኋላ ግን አይሠራም። ሌላ ሰው መወሰን አለበት።

ይህን ሊጉም ዘግይቶም ቢሆን ተቀብሎታል። ከ2011 ጀምሮ የተጠረጠረ ተጫዋች ጸጥ ወዳለ ክፍል ገብቶ ሐኪም እንዲያየው ተደርጓል። ከ2016–17 የውድድር ዓመት ጀምሮ ደግሞ ኒው ዮርክ ቁጭ ብለው ጨዋታውን በቴሌቪዥን የሚከታተሉ ባለሙያዎች ተጫዋቹ እንዲወጣ ማዘዝ ይችላሉ። የጎረቤታችሁ የኤድመንተን ኮከብ ኮነር ማክዴቪድ በዚያው ዲሴምበር ፊቱ በረዶው ላይ ሲያርፍ ከሩቅ አስወጡት። በጣም ተናደደ። ተመርምሮ ደህና መሆኑ ሲታወቅ ተመለሰ። ብዙ ደጋፊም አብሮት ተናደደ። እኔ ግን በሊጉ ደስ ካለኝ ጥቂት ቀናት አንዱ ያ ነው። የውድድሩን ትልቁን ኮከብ ካስወጡት፣ ሌላውንማ ምን ይከለክላቸዋል?

ግን ሊጉን እያመሰገንኩ አልጨርስም፤ ልጅዎ ያነሳው ነገር ገና አልተነካም። የትኛው ግጭት ይፈቀዳል የትኛው አይፈቀድም የሚለውን የሚጽፈው ማን ነው? በሜይ 2000 የኒው ጀርሲው ስኮት ስቲቨንስ የፊላዴልፊያውን ኤሪክ ሊንድሮስን በትከሻው ጭንቅላቱን መትቶ ጣለው። ዳኛው ምንም አላለም፤ በጊዜው ደንብ ንጹህ ምት ነበር። ሊንድሮስ በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ የቡድኑ ባለሙያዎች ኮንከሽኑን ሳያዩ እንዳለፉት በአደባባይ ተናግሮ ነበር። የአምበልነት ምልክቱን ገፈፉት። ለሌላው ተጫዋች የተላለፈው መልእክት ምን እንደሆነ ለእርስዎ ማብራራት አያስፈልገኝም። በማርች 2010 ደግሞ ማት ኩክ የቦስተኑን ማርክ ሳቫርድን በማያይበት በኩል መጥቶ ጭንቅላቱን መታው። አንድ ጨዋታ እንኳ አልታገደም፤ የሚከለክል ደንብ አልነበረማ! እንዲህ ያለውን የጭንቅላት ምት የሚከለክለው ደንብ ቁጥር 48 የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሳቫርድ በጃንዋሪ 2011 ሌላ ኮንከሽን ደረሰበት፤ ዳግም አልተጫወተም።

"አደጋውን እያወቀ ገባ" ወደሚለው ልምጣ። እዚህ ላይ ሊጉ ሁለት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዴሪክ ቡጋርድ በ28 ዓመቱ በ2011 ሞተ፤ ሥራው ሜዳ ላይ መደባደብ ነበር። የሞተው የህመም ማስታገሻና አልኮል ተደባልቀውበት ነው። አንጎሉ ሲመረመር ሲቲኢ የሚባለው፣ ከተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት ጋር የሚያያዘው የአንጎል በሽታ ተገኘበት። ከእሱ በፊት ቦብ ፕሮበርት ላይ፣ ከእሱ በኋላ ስቲቭ ሞንታዶር ላይም ተገኝቷል። የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ አንድ ኃላፊ በ2016 በጨዋታቸውና በሲቲኢ መካከል ግንኙነት መኖሩን ለኮንግረስ አባላት አምነዋል። ቤትማን ግን በ2019 ኦታዋ ለካናዳ ፓርላማ ንዑስ ኮሚቴ ሲመሰክሩም ግንኙነቱ አልተረጋገጠም የሚለውን አቋማቸውን አልለቀቁም። እንግዲህ አሠሪው "አልተረጋገጠም" እያለ ተጫዋቹ እንዴት ነው "አውቆ የገባው"? ከሁለቱ አንዱ ነው መሆን ያለበት።

የቀድሞ ተጫዋቾች በ2013 ሊጉን ከሰሱ። በ2018 ዳኛዋ ሁሉም በአንድ መዝገብ እንዲታዩ አልፈቀዱም። ከሳሾቹ ተበታትነው የመክሰስ ዕጣ ሲገጥማቸው በ18.9 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ። ከሳሾቹ 318 ነበሩ፤ ለአንዱ በጥሬው የደረሰው 22 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ሊጉ ጥፋተኝነቱን አላመነም። ፉትቦሎቹ የከፈሉት ከቢሊዮን በላይ ነው። "በሚሊዮን ይከፈለዋል" ሲሉኝ ይህችን 22 ሺህ አስባለሁ። ያውም በሚሊዮን የሚከፈለው ኮከቡ ነው። አራተኛው መስመር ላይ፣ ማለትም ጥቂት ደቂቃ ብቻ በሚሰለፈው የመጨረሻ ምድብ ውስጥ የሚጫወተው ልጅ ዛሬ ራሴን አመመኝ ቢል ነገ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ያገኛል።

ማኅበሩም ንጹህ አይደለም። መቺውም ተመቺውም አባሉ ስለሆኑ፣ አንዱ ሲጎዳ የሌላውን ቅጣት ለማስቀነስ ይሟገታል። ዋይድማን ላይ እንዳየነው ማለት ነው። ቢሆንም ደንቡን የሚያስፈጽመው፣ ቅጣቱን የሚወስነው፣ የቴሌቪዥኑን ገንዘብ የሚሰበስበው ሊጉ ነው። ፍርዴ ለልጅዎ ነው። ቅር አይበልዎ።

ጥያቄ፦ ሆኪ የማየው በዩቲዩብ ነው። ሁሉም ሄልሜት አድርገዋል። ታዲያ እንዴት አንጎላቸው ይጎዳል? (ደ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወተት በቅል ሲናጥ ቅሉ አይሰበርም፤ ውስጡ ያለው ግን እንደነበረ አይቀርም። ሄልሜት የራስ ቅልን ከመሰንጠቅ ያድናል። ጭንቅላት በድንገት ሲዞር ወይም ሲቆም አንጎል ውስጥ ለውስጥ መናጡን ግን አያስቆምም። ለዚህ ነው አገጩ ላይ ወይም ትከሻው ላይ የተመታ ሰውም ኮንከሽን ሊይዘው የሚችለው። ሲቲ ስካን ቢነሳም አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያሳይም።

ይህ ማለት ግን ሄልሜት ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። የሚኒሶታው ቢል ማስተርተን በጃንዋሪ 1968 ያለ ሄልሜት ሲጫወት ወድቆ ጭንቅላቱ በረዶው ላይ አረፈ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። ሊጉ ሄልሜትን ግዴታ ያደረገው በ1979 ነው፤ ያውም ለአዲስ ገቢዎች ብቻ። ነባሮቹ ከፈለጉ ራሳቸውን ገልጠው መጫወት ይችሉ ነበር። የመጨረሻው ክሬግ ማክታቪሽ ነበር፤ እስከ 1997 ፀጉሩን እያርገበገበ ተጫወተ።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ ልምምድ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን መታ። ራሱን ያመዋል፣ ብርሃን ይረብሸዋል። አሰልጣኙ ቅዳሜ ይጫወታል ብሎ ጽፎልኛል። ዘመዶቼ ደግሞ እንቅልፍ እንዳይወስደው ጠብቂው ይሉኛል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከኦታዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቅዳሜ አይጫወትም። ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ንግግሩ ከተሳሰረ ወይም አልነቃ ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ሐኪም አይቶት እነዚህ ምልክቶች ከሌሉ ይተኛ። ቡና እያፈላችሁ፣ እያጫወታችሁ ሌሊቱን ልታነጉበት አይገባም፤ እንቅልፍ ይጠቅመዋል። የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ቀን ስልኩንና ቪዲዮ ጌሙን ይቀንሱለት። ከዚያ ቀስ እያለ ይንቀሳቀስ። ትምህርቱ ከሆኪው ይቀድማል፤ ክፍል ውስጥ ሙሉ ቀን ሳያመው መቀመጥ ያልቻለ ልጅ በረዶ ላይ ሥራ የለውም። በዚህ ዕድሜ በገላ መጋጨት ከ2013 ጀምሮ በመላው ካናዳ የተከለከለ ስለሆነ ዋናው ስጋትዎ እንዲህ ያለ መውደቅ ነው። የመጀመሪያው ሳይድን ሁለተኛ ከተጨመረበት ደግሞ አደገኛ ነው።

ለአሰልጣኙም ጠብ ሳያነሱ የኦንታሪዮን ሕግ ያስታውሱት። በ2018 የወጣው የሮዋን ሕግ ኮንከሽን የተጠረጠረበት ልጅ ወዲያውኑ እንዲወጣ ያዛል። ሐኪም ወይም ነርስ ፕራክቲሽነር (ከተራ ነርስ በላይ የሠለጠነ ነርስ) አይቶ ሳይፈቅድ አይመለስም። እንደ እኔ ያለች ተራ ነርስም፣ አሰልጣኝም አይፈቅዱም። ፈቃዱን በጽሑፍ ይቀበሉና ለአሰልጣኙ ይላኩለት፤ ቅጂውን እርስዎ ጋ ያስቀሩ።