«የትኛውን ቋንቋ ልማር?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ

ሰላም እህቴ፣ ደብዳቤሽን አነበብኩት። ኮምፒውተር ሳይንስ ልትመረቂ አንድ ሴሚስተር ቀርቶሻል። ግቢ ውስጥ ሲ ፕላስ ፕላስና ጃቫ ተምረሻል። በራስሽ ፓይተን ጀምረሽ ነበር፤ «ሥራ ያለው ጃቫስክሪፕት ላይ ነው» ሲሉሽ ወደዚያ ዞርሽ። አሁን ደግሞ የምታከብሪው አንድ ሲኒየር ዴቨሎፐር «ፒኤችፒ ሞቷል፣ ጃቫ አርጅቷል፣ ራስት ተማሪ» ብሎሽ ግራ ገብቶሻል።

ሰውየውን አክብሪው፤ ሐሳቡን ግን ከሥራው ጋር አያይዘሽ ስሚው። ራስትን የሚወድበት በቂ ምክንያት አለው። በሲ እና በሲ ፕላስ ፕላስ ሜሞሪን በትክክል ያልያዘ ኮድ ለሰርጎ ገብ በር ይከፍታል። ራስት እንዲህ ያለውን ስህተት በአብዛኛው ገና ኮምፓይል ሲደረግ፣ ማለትም ኮዱ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጎም፣ ይይዘዋል። የሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) እንኳ በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ራስትን ተቀብሏል። ፒኤችፒ ሞቷል ማለቱ ግን ልክ አይመስለኝም። አማርኛውን ዊኪፒዲያ ስትከፍቺ ከጀርባ የሚሠራው ፒኤችፒ ነው። ብዙ ድረ ገጾች የሚሠሩበት ዎርድፕሬስም እንደዚያው።

የአንቺ የመጀመሪያ ሥራ ምናልባት የአንድ ድርጅት የመጋዘን ሲስተም ወይም የክሊኒክ ካርድ መመዝገቢያ ይሆናል። እዚያ የሚፈትንሽ ሌላ ነገር ነው። «ሰላም» የሚለው ቃል ስንት ፊደል እንደሆነ ፓይተን 3ን ጠይቂው፤ 3 ይልሻል። ፒኤችፒን በተለመደው የርዝመት መቁጠሪያው ጠይቂው፤ 9 ይላል። ጎ የሚባለው የጉግል ቋንቋም 9 ነው የሚልሽ። አልተሳሳቱም። ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (የማስቀመጫ መለኪያ) ይይዛል፤ እነሱ የቆጠሩት ባይቱን ነው። ይህን ያላወቀ ሰው የስም ቦታውን በ30 ባይት ይገድበዋል። በፈረንጅ ፊደል ሲሞክረው ይሠራለታል። ወረፋ የጠበቁት እናት መጥተው ሲመዘገቡ ግን የአያታቸው ስም መሃል ላይ ተቆርጦ ይቀራል።

ሌላም አለ። ወርን እስከ 12 ብቻ የሚቀበል ቅጽ ጳጉሜ ላይ የተወለደ ሕፃን መመዝገብ አይችልም። «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበች ታካሚ «ጸሃይ» ተብላ ስትፈለግ «የለችም» ከተባለች፣ ሐኪሙ ያለፈ ታሪኳን ሳያይ ሊያክማት ነው። በገንዘብም ተጠንቀቂ። 0.1 እና 0.2 ደምሪ ብትይው ፓይተንም ጃቫም ጃቫስክሪፕትም 0.30000000000000004 ይሉሻል። ስለዚህ ብርን በሳንቲም ቀይረሽ በሙሉ ቁጥር ያዢው። ከእነዚህ ችግሮች አብዛኞቹን ቋንቋ በመቀየር አታመልጫቸውም። ቀጣሪ የሚፈልገው እነዚህን አስቀድሞ የሚያስብ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ጀማሪ ደግሞ ብዙ አይገኝም።

እሺ፣ የትኛውን? ጃቫስክሪፕት ላይ ቆዪ። ፕሮግራመሩ ብሬንዳን አይክ በ1995 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ቅጂውን በ10 ቀን ገደማ የሠራው ቋንቋ ነው፤ የጥድፊያው ጉድለት እስከ ዛሬ ይታያል፤ የሚያማርሩት ሰዎችም እውነት አላቸው። ነገር ግን ሁሉም ብራውዘር ውስጥ አለ፤ ሰርቨር ላይም ይሠራል። የሠራሽውን ነገር ቀጣሪሽ በስልኩ ከፍቶ ማየት ይችላል። ጥቂት ስትለምጂው ወደ ታይፕስክሪፕት ተሻገሪ፤ የመረጃን ዓይነት (ታይፕ) የሚቆጣጠር ጃቫስክሪፕት ማለት ነው። በጃቫ የለመድሽው የታይፕ ጥብቅነት እዚያ ይጠቅምሻል፤ የግቢው ትምህርት ባክኗል ብለሽ አትዘኚ።

የኮድሽን ለውጥ የሚመዘግብልሽን ጊትን ከዛሬ ጀምሪ። ኔትወርክ ቢጠፋም ላፕቶፕሽ ላይ ኮሚት ማድረግ (ለውጡን መመዝገብ) ትችያለሽ፤ ሲመለስ ትልኪዋለሽ። ኮሚትሽ ትንሽ ይሁን፤ ምን እንደቀየርሽና ለምን እንደቀየርሽ በአንድ መስመር ጻፊ። «ፊክስ»፣ «ፊክስ 2» የሚል ታሪክ ማንንም አያስረዳም። ቴስትም፣ ማለትም ኮድሽን የሚፈትሽ ኮድ፣ ጻፊ። ጳጉሜ 6ን፣ ረጅም የሦስት ትውልድ ስምን፣ ባዶ ቅጽን ሞክሪበት። ኤአይ ኮድ ቢጽፍልሽ ችግር የለውም፤ በቃልሽ ማስረዳት የማትችይውን መስመር ግን የመመረቂያ ፕሮጀክትሽ ውስጥ አታስገቢ። ኢንተርቪው ላይ ከዚያው መስመር ነው የሚጠይቁሽ።

«የትኛውን ቋንቋ ትመርጫለሽ?» ካሉሽም የሰማሽውን አትድገሚ። ምን ሠርተሽበት የት እንዳስቸገረሽ ንገሪያቸው።

ያንን ሲኒየርም አትሽሺው። ፕሮጀክትሽ ግማሽ ሲደርስ ሊንኩን ላኪለትና ኮድሽን እንዲያይልሽ ለምኚው። ስለ ቋንቋ ከሚነግርሽ ይልቅ የራስሽን ኮድ አይቶ የሚያርምልሽ ይበልጥ ይጠቅምሻል።