ሮስተሩ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ

ልጆቼ፣

ስለ ትምህርት ስትከራከሩ እሰማችኋለሁ። አንዱ «መንግሥት ነው ትውልዱን የገደለው» ይላል፤ ሌላው «ተማሪው ራሱ መቼ ያነባል?» ብሎ ይመልሳል። ከ1970 እስከ 2008 ዓ.ም. በጠመኔ አቧራና በወረዳ ወረቀት መሀል የኖርኩ ሰው ነኝ። የምጽፍላችሁ ከሁለታችሁ አንዱን ለማሸነፍ አይደለም፤ ከጥፋቱ የእኔም ድርሻ ስላለበት ነው።

የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተፈተኑበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። አገር ደነገጠ። እኔም ስደነግጥ ዋልኩና ማታ ላይ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። እነዚያ ልጆች 1ኛ ክፍል የገቡት 2003 አካባቢ ነው። ያኔ ደግሞ እኔ የጉድኝት ሱፐርቫይዘር፣ ማለትም የተጎራበቱ ትምህርት ቤቶችን እየዞርኩ የምከታተል ሰው ነበርኩ።

በ2006 ከማያቸው ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ ሄድኩ፤ 4ኛ ክፍል። ሦስተኛው ዴስክ ላይ የነበረውን ልጅ የአማርኛ መጽሐፉን ገልጬ «እስቲ አንብብልኝ» አልኩት። ተነሥቶ እንደ ዳዊት አንበለበለው። መምህሩ ደስ ብሎት ፈገግ አለ። ምን እንዳሳሰበኝ አላውቅም፣ ገጹ አናት ላይ ያለውን የላም ሥዕል በመዳፌ ሸፈንኩና ከታች አንድ መስመር በጣቴ ጠቁሜ «ከዚህ ቀጥል» አልኩት። ዝም አለ። ገጹን በቃሉ ያዘው እንጂ አያነበውም፤ የትኛውን ገጽ እንደሚያነበንብ የሚነግረው ሥዕሉ ነበር። ፊደል ገበታው ላይ ወሰድኩት። ግዕዙን፣ ሀ ለ ሐ መን፣ ይወጣዋል። ካዕብና ሣልስ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም አንድ ይሆንበታል። «ለ»ን ያውቃታል፤ «ሎ» ላይ ቆመ።

ቢሮ ተመልሼ የዓምናውን ሮስተር፣ የተማሪዎቹ ውጤት የሚሞላበትን ሰንጠረዥ፣ አወጣሁ። አማርኛ 78። ከግርጌው የርዕሰ መምህሩ ፊርማና ማኅተም፣ ከጎኑ ደግሞ «አይቼዋለሁ» የሚል የእኔው ፊርማ።

78ቷ ከየት መጣች? ተከታታይ ምዘና ይባላል። ለደብተር አያያዝ፣ ለቡድን ሥራ፣ ለቤት ሥራ፣ ለተሳትፎ እየተባለ ነጥብ ይለቀማል። እስከ 3ኛ ክፍል ደግሞ ያኔ ልጅ አይደግምም ነበር። ከዚያ በላይ ቢሆንም የወረዳው ዕቅድ ደጋሚ እንዲቀንስ ስለሚል፣ ብዙ ያስደገመ መምህር በግምገማ ይነሣበታል። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። 70 ልጅ አለበት፣ ደመወዙ ከወር ወር አይደርስም፣ ቀይ እስክሪብቶውን ያነሣ ዕለት ደግሞ መልስ ሰጪ እሱ ነው። እና አሳለፈ። እኔም ፈረምኩ።

እዚህ ላይ ቶሎ አትፍረዱ፤ ሐሳቡ ራሱ መጥፎ አልነበረም። በ7 ዓመቱ «ወድቀሃል» የተባለ የገጠር ልጅ በማግሥቱ ከብት ጥበቃ ነው የሚሄደው፤ ተመልሶም አይመጣም። አታስደግሙት ማለት ልክ ነው። ግን ሐሳቡ ሁለት ግማሽ አለው። አታስደግሙት፤ የቀረውንም ለይታችሁ አስተምሩት። የመጀመሪያው ግማሽ በአንድ ሰርኩላር ያልቃል። ሁለተኛው መምህር ይፈልጋል፣ ሰዓት ይፈልጋል፣ መጽሐፍ ይፈልጋል፣ ብር ይፈልጋል። እኛ ዘንድ የደረሰው ሰርኩላሩ ነው።

በዕድሜዬ ያየሁት የትምህርት ለውጥ ሁሉ ከሞላ ጎደል እንዲህ በግማሹ የመጣ ነው። የካቲት 11 ቀን 1966 መምህራን ሥራ ሲያቆሙ እኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ሴክተር ሪቪው በተባለው የመንግሥት የትምህርት ማሻሻያ ጥናት ላይ «ሴክተር ሪቪው ይውደም» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኼያለሁ። የድሃ ልጅ 4 ዓመት ተምሮ ይበቃዋል ሊሉ ነው ተብለን ነበር። ከዓመታት በኋላ ነገሩን ረጋ ብዬ ሳየው፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላልደረሰው ብዙኃን ቢያንስ 4 ዓመት ይዳረስ የሚል ሐሳብም ነበረበት። ፍርሃታችን ከንቱ ነበር አልልም፤ ከ4ኛ በላይ የሚያልፈው የማን ልጅ እንደሚሆን እናውቅ ነበር። ግን መምህሩንና ወላጁን ቀድሞ ያማከረ ሰው አልነበረም። የቀረው ግማሽ እሱ ነው። መንግሥትም በጩኸቱ ደንግጦ ጥናቱን አስቀመጠው።

በ1997 ግድም ፕላዝማ የምንለው የሁለተኛ ደረጃ የቴሌቪዥን ትምህርት መጣ። በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ። የቴሌቪዥኑ መምህር ይጠይቃል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ የመለሰ ይኑር አይኑር ወደሚቀጥለው ያልፋል። የኬሚስትሪ መምህራችን ጠመኔውን ይዞ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። መብራት የጠፋ ዕለት ነበር ክፍሉ ሕይወት የሚዘራው።

አሁን ደግሞ 6-2-4 (6 ዓመት አንደኛ፣ 2 ዓመት መካከለኛ፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ) ብላችሁ ትከራከራላችሁ። ልጆቼ፣ እኔ የተማርኩት በ6-2-4 ነው! በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ፈርሶ ነበር፣ ይኸው ተመለሰ። ቁጥሩ ላይ ጉልበታችሁን አትጨርሱ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር ስንቱ ልጅ መጽሐፉን በፒዲኤፍ በቴሌግራም ሲፈልግ እንደከረመ እናንተም ታውቃላችሁ። ስልክ የሌለው ቤት ምን እንደሆነ ግን የጠየቀ ጥቂት ነው። መነሣት የነበረበት ጥያቄ እሱ ነው።

ይህን ስላልኩ መንግሥት ከትምህርት እጁን ያንሣ ከሚሉት አትቁጠሩኝ። ከፍሎ የግል ትምህርት ቤት የሚያስገባ ሰው እንዲህ ቢል አይገርመኝም፤ የላሙ ልጅ ግን ከመንግሥት ሌላ ማንም የለውም። መንግሥት ሲቆርጥ ምን እንደሚችልም አይቻለሁ። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ በጥቂት ቋንቋ ተጀምሮ፣ ኋላ ማስተማሪያው በ15 ቋንቋ ተዘጋጀ። ማታ ማታ በኩራዝ አያት ከልጅ ልጅ ጎን ተቀምጠው ሲቆጥሩ አስተምሬያለሁ። ያኔም ሪፖርት ላይ ቁጥር ማሳበጥ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ፊደሉ፣ መጽሐፉና አስተማሪው አንድ ላይ ነበሩ።

ኩረጃ የቀረበትን ፈተናም እደግፋለሁ። 3.3 በመቶ ውሸት አይደለም፤ ውሸቱ የእኛ 78 ነበረች። የሚከነክነኝ እሱም በግማሽ መቅረቱ ነው። «ሎ» ላይ የቆመን ልጅ 12ኛ ክፍል ላይ ደርሰን «ወደቅህ» አልነው፤ ለጥቂቱ ሪሚዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት ከፈትን፤ ታች ያለው ክፍል ግን እንደነበረ ነው።

ከእናንተ መካከል መምህር የሚሆን፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚገባ፣ ነገ ሚኒስቴር የሚደርስ አለ። ለውጥ ሲታወጅ ርካሹን ግማሽ ብቻ አይታችሁ አትደግፉ፣ አትቃወሙም፤ ውዱ ግማሽ የት እንዳለ፣ በማን በጀት እንደተያዘ ጠይቁ። መቶኛ ሲነገራችሁ ማን እንደሞላው አጣሩ። «አይቼዋለሁ» ተብሎ የሚፈረም ወረቀት ሲመጣላችሁ ደግሞ ሄዳችሁ እዩ፤ ሥዕሉን ሸፍኑት።

ያን ዓመት ከመምህሩ ጋር ተነጋግረን፣ የጠዋቱ ፈረቃ ሳይጀምር ማንበብ ያቃታቸውን 20 ገደማ ልጆች በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ ፊደል ማስቆጠር ጀመርን። አበል የለው፣ መመሪያ የለው። ግንቦት ላይ ግማሾቹ ያላዩትን ገጽ እየተደነቃቀፉም ቢሆን ያነቡ ነበር፤ የላሙ ልጅም አንዱ ነው። የሩብ ዓመት ሪፖርት ስሞላ የሚገባበት ሣጥን አጣሁለት። «ልዩ ልዩ» የምትለው ውስጥ፣ ከአጥር ጥገናው ቀጥሎ፣ በአንድ መስመር አስገባሁት።