ኦዲሽን ለምትገቡ ልጆችና ለወላጆቻችሁ፦ የሰሞኑ ጥያቄና መልስ

ሰላም ጅማዎች! ሰሞኑን ቲያትር መማር የሚፈልጉ የ12ኛ ክፍል ልጆችና ወላጆቻቸው በብዛት ጽፈውልኛል። ስም አልጠራም፣ ጥያቄዎቹን አሳጥሬ በመጡበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

አንድ አባት ከሄርማታ፦ ልጄ ቲያትር ካልተማርኩ ብሎ ሙጭጭ ብሏል፣ ተሰጥኦ ካለኝ በኦዲሽን (በተሰጥኦ ፈተና) እገባለሁ እያለ ለማትሪክ ማጥናቱን ትቶታል፣ እኔ ደግሞ ቲያትር እንጀራ ይሆናል ብዬ አላምንም።

ጋሼ፣ ሁለታችሁንም ልቆጣ ነው። መጀመሪያ ልጁን፦ ኦዲሽን ማትሪክን አይተካም! ሀገር አቀፉ ፈተና ላይ 50 ፐርሰንት ማምጣት አለበት፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፣ የተሰጥኦ ፈተናው በዚህ ላይ የሚጨመር ነው እንጂ አቋራጭ መንገድ አይደለም። ስለዚህ ዛሬውኑ ደብተሩን ይክፈት። እርስዎ ደግሞ፣ አዲስ አበባ ያለው የቲያትር ትምህርት በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ሲጀመር ጸጋዬ ገብረ መድኅን አብሮ ያቋቋመው፣ መንግሥቱ ለማ ያስተማረበት፣ ዛሬ በዮፍታሔ ንጉሤ ስም የሚጠራ ቤት ነው፣ ተራ ነገር አይደለም። እዛ የሚማር ልጅ ትወና ብቻ አይደለም የሚማረው፣ መጻፍ፣ ማዘጋጀት፣ መድረክ ማደራጀት ሁሉ አለበት፣ ሬዲዮ ድራማና ማስታወቂያ ላይም የሚሠራው ይሄን የተማረ ሰው ነው። ሀብታም ይሆናል ብዬ ቃል አልገባልዎትም፣ ሥራ ግን ነው።

ምን ልልበስ?

እጅህንና እግርህን እንደልብ የሚያንቀሳቅስ፣ ጽሑፍ የሌለበት ልብስ፣ በቃ።

ስታለቅስ ነው የሚያልፉህ ይላሉ፣ እኔ እንባ አይመጣልኝም፣ ምን ላድርግ?

ማነው እንዲህ የሚላችሁ? እንባ ማንንም አያሳልፍም። ፈታኞቹ የሚያዩት ለማን እንደምታወራና ከዛ ሰው ምን እንደምትፈልግ ነው። "አባዬ አትሂድ" የሚል ቃል ካለህ አባትየውን ለማስቀረት ሞክር፣ እንባው ከመጣ ይምጣ ካልመጣም ይቅር። ፍርሃቱ ከበዛብህ ደግሞ የትምህርት ቤትህን የምክር አገልግሎት መምህር አናግር።

አንዲት ልጅ ከቆጪ፦ እቤት አፋን ኦሮሞ ነው የምናወራው፣ አማርኛ ስናገር ቅላጼዬ ይታወቃል፣ ጓደኞቼ "የሸገር ልጆች ይስቁብሻል፣ ዜና አንባቢ አስመስለሽ ተለማመጂ" አሉኝ፣ እየተለማመድኩ ነው ግን ጨነቀኝ።

እህቴ፣ እባክሽ እሱን ልምምድ ዛሬ አቁሚ። ይሄን ጥያቄ በየዓመቱ ከጅማ ልጆች እሰማዋለሁ፣ በሰማሁ ቁጥርም ያናድደኛል፣ በእናንተ አይደለም፣ እንዲህ ብሎ በሚመክራችሁ ሰው ነው።

ዜና አንባቢ ስታስመስሊ ሰውነትሽ ምን እንደሚሆን መስታወት ፊት ቆመሽ እዪው። አንድ ዓረፍተ ነገር እንደዛ በዪ፣ ትከሻሽ ወደ ላይ ይወጣል፣ መንጋጋሽ ይወጠራል፣ ትንፋሽሽ ደረትሽ ላይ ይቀራል፣ ዓይንሽ የሚያየው ሰው የለም ምክንያቱም ጆሮሽ ራሱን ሲጠብቅ ነው ያለው። አሁን ደግሞ ያንኑ ነገር መርካቶ ቡና የምትሸጥ አክስትሽን እንደምትለምኛት በዪው፣ በዋጋ እንደምትከራከሪያት። ትከሻው ሲወርድ ይሰማሻል። ፈታኝ ፊት ማቅረብ ያለብሽ ሁለተኛዋን ልጅ ነው፣ የመጀመሪያዋማ እየተዋጋች ያለችው ከገዛ አፏ ጋር ነው፣ ትወና ላይ ገና አልደረሰችም።

አንድ ነገር ግን መለየት አለብሽ፦ ቅላጼ ሌላ ነው፣ አለመሰማት ሌላ ነው። ቃሉን ዋጥ አድርገሽ ከጨረስሽው፣ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ከጠፋ፣ ማጥበቅና ማላላቱን ስተሽ ትርጉሙ ከተቀየረ እሱ ይስተካከላል መስተካከልም አለበት፣ ለአዲስ አበባ ልጅም ያው ነው። ጓደኛሽን ክፍሉ ጥግ አስቀምጪና ያልሰማችው ቃል ላይ እጇን ታውጣ፣ እጅ የወጣበትን ቃል ብቻ ሥሪ፣ ሌላውን አትንኪው። ገጸ ባሕሪዋ የጎንደር ሴት ነች ከተባለ የጎንደርን አነጋገር መማር ሥራሽ ነው፣ እሱ ትወና ነው፣ በራስሽ አነጋገር አፍረሽ መደበቅ ግን ትወና አይባልም።

ደግሞ ሁለት ቋንቋ መቻል ለተዋናይ ሀብት ነው! በአፋን ኦሮሞ ድራማውም ፊልሙም እየተሠራ ባለበት ዘመን ሁለቱንም የምትጫወት ልጅ እንዴት ታፍራለች? ከመሄድሽ በፊት ለትምህርት ክፍሉ ደውይና አንዱን ሞኖሎግ (ብቻሽን የምትናገሪውን ቃለ ተውኔት) በአፋን ኦሮሞ ማቅረብ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። አይቻልም ካሉሽ ምንም አልጎደለብሽም፣ ይቻላል ካሉሽ ግን ያቺን ቆጪ የምታወራዋን ልጅ ያይዋታል። የሚስቅም ካለ ይሳቅ፣ ውጤት የሚሰጠው እሱ አይደለም።

አንዲት እናት ከአጂፕ፦ እህቴ ቨርጂኒያ ናት፣ ልጄን አሜሪካ ቲያትር ትማር ትላለች፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ በነጻ ነው አለች፣ ፕሪስክሪን የሚሉት ነገር ምንድነው? አንድ ደላላ ደግሞ ብር ክፈሉኝ ልጨርስላችሁ ብሏል።

እትዬ፣ ለደላላው አንድ ብር እንዳይሰጡ። ማመልከቻውን ልጅቷ ራሷ በኦንላይን ነው የምትሞላው።

የዬል ድራማ ትምህርት ቤት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፣ እውነት ነው፣ ግን በዋናነት የድህረ ምረቃ ነው፣ ከ12ኛ ክፍል ለምትወጣ ልጅ አይደለም። ለእሷ የሚሆነው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፣ እሱም ሁለት ዓይነት አለው፦ ቢኤፍኤ አብዛኛውን ሰዓት ትወና ላይ የሚያውል ነው፣ ብዙ ጊዜም ኦዲሽን አለው፣ ቢኤ ሰፋ ያለ ነው፣ ብዙ ቦታ ያለ ኦዲሽን ይገባል።

ፕሪስክሪን ማለት ከዋናው ኦዲሽን በፊት የሚላክ ቪዲዮ ነው። አብዛኛው ጊዜ ሁለት የማይመሳሰሉ ሞኖሎጎች ይጠየቃሉ፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ግን የራሱ ሕግ ስላለው እሱን ደጋግማ ታንብብ። ስልኩን አግድም አድርጋችሁ፣ ከባዶ ግድግዳ ፊት፣ የመስኮት ብርሃን ፊቷ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ ቅረጹ፣ ባጃጅ የማይጮህበት ሰዓት ምረጡ፣ መብራትና ኔትወርክ ስለማይታመን ደግሞ ለመጨረሻው ቀን አታቆዩት። ቪዲዮው የሚላከው በፈረንጅ መጸው ላይ ነው፣ ካለፈች ዋናው ኦዲሽን ጥርና የካቲት አካባቢ ይሆናል፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ኒውዮርክ፣ ቺካጎና ሎስ አንጀለስ ላይ አንድ ላይ ይፈትናሉ፣ በቪዲዮ ጥሪ የሚፈትኑም አሉ፣ ስለዚህ ለኦዲሽን ብላችሁ የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ። እንግሊዝኛዋም የጅማ እንግሊዝኛ ቢሆን ለቆጪዋ ልጅ ያልኩትን ለእሷም እላለሁ።

ገንዘቡ ነው ከባዱ። ለውጭ ተማሪ የሚሰጠው ድጋፍ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት በጣም ይለያያል፣ ስለዚህ የእያንዳንዱን የፋይናንስ ድጋፍ ቢሮ በኢሜይል ቀጥታ ትጠይቅ፣ በጽሑፍ መልስ ሳታገኙ ማመልከቻ ላይ ብር አታውጡ።

ኦዲሽን ክፍል ውስጥ ከልጄ ጋር መግባት እችላለሁ?

አይቻልም እናቴ። ውጪ ይጠብቋት፣ ስትወጣም ጥያቄ ከማዥጎድጎድዎ በፊት ምሳ ያብሏት።

አንድ ልጅ ከኩሎ በር፦ ለኦዲሽን እየጮህኩ ስለማመድ ድምፄ ተዘጋ፣ ወር አለፈው፣ ዝንጅብልና ማር እየወሰድኩ ነው፣ ሌላ የምጨምረው ነገር አለ?

የለም! ወር ሙሉ የተዘጋ ድምፅ በዝንጅብል አይታከምም። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን በጉሮሮ ሐኪም መታየት አለበት፣ የድምፅ አውታር ላይ እብጠት ወይም ሌላ ነገር መኖሩን በመሣሪያ ሳያዩ ማንም ሊያውቅ አይችልም፣ እኔም አላውቅም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሄደህ የአንገት በላይ ሐኪም ልይ በል፣ ሪፈር ያስፈልጋል ካሉህ ከጤና ጣቢያ አጽፈህ ተመለስ። እስከዛ አትጩህ፣ አታንሾካሹክም፣ እሱም ያደክመዋል። ኦዲሽኑ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው ብለሃል፣ ገባኝ፣ ግን ከኦዲሽኑ በፊት ሐኪም ጋር ነው የምትሄደው፣ ነገ ጠዋት ሂድ።