መዝገቤ ለምን ተዘጋ?

ጥያቄ፦ ያበደርኩትን ገንዘብ ለማስመለስ ክስ ከመሠረትኩ 3 ዓመት ሆኖኛል። ቀጠሮው ሲለዋወጥ ቆይቶ በመጨረሻ እኔ ሳልቀርብ መዝገቡ ተዘጋ። ክስ ብዙ ከቆየ ይዘጋል እንዴ? መልሼስ ማስከፈት እችላለሁ?

መልስ፦ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ክስ ስላረጀ ብቻ አይዘጋም። መዝገብ የሚያዘጋው ከከሳሽ የሚጠበቀው ነገር በቀጠሮው ቀን ሳይሟላ መቅረቱ ነው፤ የተራዘመ ክስ የሚጎዳውም ቀጠሮው በበዛ ቁጥር የሚረሳ ቀን ስለማይጠፋ ነው። እናም መጀመሪያ መዝገብ ቤት ሄደው የመዝገብ ቁጥሩን ይስጡና የትእዛዙን ግልባጭ ያውጡ። “ተዘግቷል” የሚለውን ቃል ትተው የተጠቀሰውን አንቀጽ ይፈልጉ። ሁሉም ነገር የሚወሰነው በዚያ የአንቀጽ ቁጥር ነው።

አንቀጽ 69(2) ከተጠቀሰ እርስዎም ተከሳሹም አልቀረባችሁም ማለት ነው። 70(መ) ከሆነ ደግሞ መጥሪያው በእርስዎ ጉድለት ለተከሳሹ ሳይደርስ ቀርቷል። ብዙ ከሳሾች የሚወድቁት እዚህ ነው፤ መጥሪያውን ወስደው ኪሳቸው ውስጥ ያስቀምጡታል፣ ወይም አድርሰውም ማድረሳቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ሳይዙ ችሎት ይቀርባሉ። በሁለቱም ሁኔታ ይርጋ (ክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ) እስካላገደዎት ድረስ የዳኝነት ክፍያ ከፍለው አዲስ ክስ ማቅረብ ይችላሉ።

ከባዱ አንቀጽ 73 ነው፦ ተከሳሹ ቀርቦ እርስዎ ሲቀሩ። ተከሳሹ ዕዳውን በሙሉ ወይም በከፊል ካመነ ባመነው መጠን ይፈረድበታል፤ ካላመነ ግን ክሱ ይሰረዛል፣ በዚያው ጉዳይም አዲስ ክስ ማቅረብ አይቻልም። ያለዎት በር አንቀጽ 74 ብቻ ነው፤ ክሱ ከተሰረዘበት ቀን ጀምሮ በ1 ወር ውስጥ ስረዛው እንዲነሣ ማመልከት። ልብ ይበሉ፣ ወሩ የሚቆጠረው ከሰሙበት ቀን አይደለም። ጥር 12 ከተሰረዘ የካቲት 12ን አይጠብቁ፤ የግልባጩ ነገር ራሱ ቀናት ይበላል።

ማመልከቻው ላይ ያልቀረቡበትን ምክንያት በቀንና በሰዓት ለይተው ይጻፉ፤ ቃለ መሐላና ማስረጃ ያያይዙ። ታመው ከሆነ የሕክምና ወረቀቱ የቀጠሮውን ቀን ራሱን መሸፈን አለበት፤ በማግስቱ የተጻፈ “ታሞ ነበር” የሚል ወረቀት ተከሳሹ በቀላሉ ይጥለዋል። ማመልከቻው ለእሱም ደርሶት መልስ ይሰጥበታልና። ፍርድ ቤቱ ቢፈቅድ እንኳ በመቅረትዎ ምክንያት ተከሳሹ ያወጣውን ወጪ እንዲከፍሉ ሊያዝዝ ይችላል። “ጠበቃዬ ቀረብኝ” የሚለውን ብቻ ይዞ መሄድ አይመከርም። ይግባኝ ላይ ሕጉ ጭራሽ በግልጽ ዘግቶታል፤ በአንቀጽ 326 መሠረት በጠበቃ ወይም በወኪል ጉድለት ያለፈ የይግባኝ ጊዜ አይፈቀድም።

ይርጋውን በተመለከተ፣ ሌላ የተለየ ጊዜ ካልተወሰነ ከውል የሚመነጭ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1845 መሠረት 10 ዓመት ነው። ዳኛው በራሱ አያነሣውም፤ ተከሳሹ ግን በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያው፣ ማለትም ወደ ክሱ ፍሬ ነገር ከመገባቱ በፊት በሚያቀርበው ተቃውሞ፣ ውስጥ ያነሣዋል። አዲስ ክስ የሚያቀርቡ ከሆነ የብድሩ መመለሻ ቀን መቼ እንደነበር ውሉ ላይ ያረጋግጡ። የተዘጋው ክስ የወሰደው ጊዜ አይቆጠርብኝም ብለው ሳይተማመኑ ያስሉት።

ጥያቄ፦ ከ8 ዓመት በፊት ተፈርዶልኛል፣ አላስፈጸምኩም። ዘግይቻለሁ?

መልስ፦ ገና ነው። የአፈጻጸም ማመልከቻ የሚታገደው ፍርዱ ከተሰጠ 10 ዓመት ሲያልፍ ነው፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 384። ግን የባለዕዳው ንብረት እስከዚያ ስሙ ላይ ይቆያል ማለት አይደለም፤ የፍርዱን ግልባጭ ይዘው በዚህ ሳምንት የአፈጻጸም መዝገብ ያስከፍቱ።